ሁለት አፍ ያለው ዋሻ

ያ ሐምራዊ ዓሣ የሞተው በአባቴ ፍርድ ነው። ፍርዱን ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ፤ መረቡን የያዘውም የእኔ እጅ ነው። በእኔ ቤት ጥፋቱን ለሁለት እንካፈላለን ብዬ ነበር። አባቴ ግን ለእኔ ምንም ሳያስቀሩ ሙሉውን ተሸክመው ቤት ገቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። መዳፍ ለማይሞላ ዓሣ ሰው እንዲህ ይሆናል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ነገሩ ዓሣ ብቻ እንዳልነበረ እስኪገባኝ እኔም ጊዜ ወስዶብኛል እለዋለሁ።

ጊዜው የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቦታው ኔታንያ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ከመጣን ጥቂት ዓመት ሆኖናል። ሺኩን ቫቲኪም በሚባለው የድሮ የመንግሥት ቤቶች ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና ባለቤቴ ከልጆቻችንና ከአባቴ ጋር እንኖር ነበር። የምሠራው ከባሕሩ ገደል ብዙ በማይርቅ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። በዕብራይስጥ ቤት አቮት ይሉታል፤ የአባቶች ቤት ማለት ነው። ስሙ ያምራል። እኔ እዚያ ወለል አጥባለሁ፣ የተሰበረ ወንበር እጠግናለሁ፣ አምፑል እቀይራለሁ።

በመግቢያው አዳራሽ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሦስት ሜትር የሚረዝም የመስታወት ገንዳ ቆሞ ነበር። ውስጡ የጨው ውሃ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይና የባሕር ዓሣ አለ። ገንዳውን የሚንከባከበው ኤቨን የሁዳ በምትባል በቅርብ ያለች መንደር የዓሣ ሱቅ ያለው፣ ወላጆቹ ከሞሮኮ ያመጡት ሆደ ሰፊ ሰውዬ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። በመካከሉ መስታወቱን የሚፍቅና ዓሦቹን የሚመግብ ሰው ሲፈልግ ሌሎቹ ሠራተኞች እጃችን ይሸታል ብለው እምቢ አሉ። የእኔ እጅ ከድሮም ሽታ አይመርጥም፤ እሺ አልኩ።

ብዙ ነገር አስተማረኝ። ጨዉን በትልቅ በርሜል ውስጥ በንጹሕ ውሃ እንዴት እንደሚበጠብጡ፣ የጨዉን ልክ በመስታወት ተንሳፋፊ እንዴት እንደሚያዩ። ባሕሩ ከገደሉ ሥር ሆኖ፣ ድምፁ እየተሰማ፣ እኛ ጨው በከረጢት እናስመጣለን። የባሕሩ ውሃ ዳር ላይ ቆሻሻ አለበት ይለኛል። አባቴ ይህን ስነግራቸው፣ «ባሕር አጠገብ ተቀምጦ ባሕር የሚገዛ አገር!» ብለው የሳቁት ሳቅ እዚህ ከመጣን ከሳቁት ሁሉ ትልቁ ነበር። የዓሦቹ ምግብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሚወዱት የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ነው፤ እሱን ደግሞ ኦሪት ከልክላለች። ምግቡ እንደ ኦሪት ሕግ መሆኑን ወጥ ቤት የሚቆጣጠረው የካሽሩት ሰው ያንን ነገር በሩ ድረስ እንኳ እንዳላስጠጋው አስጠነቀቀኝ። በኋላ በመሣሪያ ክፍሌ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ አቆምኩና ዓሦቹ እንደ አሕዛብ ለብቻቸው መብላት ጀመሩ።

ዓሦቹ ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም ጠበኞች። ከሁሉ በፊት የገባው ከቀይ ባሕር የመጣ፣ ከአፉ እስከ ጭራው ሰማያዊና ነጭ መስመር የተሰመረበት፣ ከጭራው ሥር በግራና በቀኝ ብርቱካንማ ምላጭ የታጠቀ ነው። በግራ በኩል ያለው ትልቅ ድንጋይ የእሱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የቀረውም የእሱ ነው፤ ሌሎቹ የሚኖሩት እሱ ዞር እስኪል ነው። ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ሰማያዊም ነበረች። ያለቻት አንዲት ቀዳዳ ናት፤ እጄን ባስገባሁ ቁጥር ከቀዳዳዋ ወጥታ ትነክሰኛለች። ሰው የሚያህል ነገር ስትነክስ ዓይኗን አታሽም! በልቤ አከብራት ነበር።

አባቴ በአገራቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ፤ ሲያስፈልግ የድንጋይ ቤት ይክባሉ። ከዚያ በላይ ግን ሽማግሌ ነበሩ፤ የሚያስታርቁ ሽማግሌ። በእኛ ሰዎች መካከል ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድም ከወንድም ሲቋሰል፣ የግማሽ ቀን መንገድ ተሂዶ እሳቸው ይጠራሉ። ሺኩን ቫቲኪም ግን የሚጠራቸው የለም። የሚጣላ ጠፍቶ አይደለም፤ ሰው ሲጣላ ወደ ሶሻል ሠራተኛዋ ይሄዳል። ልጆቼ ዕብራይስጥ ነው የሚያወሩት። አባቴ ጠዋት ይጸልያሉ፣ ከዚያ አልጋቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲመሽ ይተኛሉ። ከደረጃው የሚወርዱት ለምኩራብ ብቻ ሆነ። የእኔ ጭንቀት ይህ ነበር፤ እኒህን ሰው ከዚያ አልጋ ላይ ማንሳት።

አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ይነሱና ሥራዬን ይዩልኝ፤ ዓሣም ያያሉ» አልኳቸው። ብዙ ሳይከራከሩ ተነሡ። ንጹሑን ጋቢ ለበሱ፣ ምርኩዛቸውን ያዙ፣ ከዚያ ልጆቼን አንድ በአንድ ጠርተው ግንባራቸውን ሳሙ። ለአንድ ቀን ጉዞ ይህ ሁሉ ስንብት ምንድን ነው ብዬ ሳቅሁ። ሞኝ ነበርኩ።

ስንደርስ በአዳራሹ አዛውንቶች በተሽከርካሪ ወንበር ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። አባቴ ቆመው አዩዋቸው።

«እኒህ ልጅ የላቸውም?» አሉኝ።

«አላቸው። በዓል በዓል እየመጡ ይጠይቋቸዋል።»

«ልጅ እያላቸው?»

«ልጅ እያላቸው።»

ከገንዳው ፊት አስቀመጥኳቸው። አንዲት ነርስ «ሳባ» እያለች፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ ምርኩዛቸውን ተቀብላ ልትሰቅልላቸው እጇን ዘረጋች። በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። ያኔ ገባኝ፤ የልጆቼ ስንብትም ገባኝ። እዚህ ልተዋቸው ያመጣኋቸው መስሏቸዋል። በዚያች ሰዓት «አባባ፣ ማታ አብረን ነው የምንመለሰው» ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን ተቀየምኩ። እኔን? ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ሳልለያቸው ያመጣኋቸውን እኔን? ሰው ሲቆጣ ይጮኻል፤ እኔ ስቆጣ አፌ ይዘጋል። ባልዲዬን አንሥቼ ሄድኩ።

ማታ አብረን ተመለስን። በማግሥቱ ግን እኔ ሳልጠይቅ ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ያ ባለ መስመሩ ዛሬ ምን ያደርግ ይሆን?» አሉኝ።

ዓሦቹ ያዟቸው። በየቀኑ አብረውኝ መምጣት ጀመሩ። ለባለ መስመሩ «ባለርስት» የሚል ስም አወጡለት። እኛ በሰው መሬት ላይ ያደርን ሰዎች ነን፤ ርስት አልነበረንም። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባለርስት ሲያልፍ ከመንገድ ዳር ቆመው ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ የዚያን ዓሣ ጠባይ ከእኔም ከሱቁ ባለቤትም ቀድመው ያውቁታል። «አሁን ከድንጋዩ ይወጣል» ይላሉ፤ ይወጣል። «አሁን ያንን ቢጫ ዓሣ ይገፋዋል፤ ራበውም ጠገበም መግፋቱ አይቀርም፤ ልማዱ ነው» ይላሉ፤ ይገፋዋል። ማታ ገበታ ላይ የዓሦቹን ውሎ ለልጆቼ ያወራሉ፤ ልጆቼ በዕብራይስጥ ይጠይቃሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ወጥ ቤት ጠርታ «አባባ እየተናገሩ ነው፤ ልብ ብለሃል?» አለችኝ። ልብ ብዬ ነበር። ነገር ግን አባቴ እዚያ ቤት በዋሉ ቁጥር ምርኩዛቸውን ከእጃቸው እንዳላወረዱም ልብ ብዬ ነበር። ሻይ ሲሰጣቸው እንኳ በአንድ እጅ ነው የሚጠጡት።

ከበዓል በፊት የቤቱ ኃላፊ፣ እንግዶች ስለሚመጡ ገንዳው ቀለም ይጨመርለት አለች። የኤቨን የሁዳው ሰውዬ አንድ ሐምራዊ፣ ጭራው ቢጫ የሆነ ዓሣ ይዞ መጣ። የባለርስቱ የሩቅ ዘመድ ነው አለኝ፤ ዘመዳሞች ደግሞ የባሰ ነው የሚጣሉት። ሲያስገባው፣ «ሳቭላኑት!» አለኝ፤ ትዕግሥት ማለቱ ነው። «ሁለት ሳምንት ጠብቅ። አንድ ነገር ብቻ እንዳታደርግ፤ ሁለቱን ጠባብ ቦታ አብረህ እንዳታስገባ። ካስቸገሩህ ደውልልኝ።» በሳምንቱ እሱ ራሱ ወገቡን ታሞ ተኛ፤ ስደውል ሚስቱ ናት የምታነሣው።

ሐምራዊው ተሠቃየ። ባለርስቱ ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ አሳደደው። ክንፉ ተሸነታተረ። መጨረሻ ላይ ከፓምፑ ቱቦ ኋላ ተወትፎ ቀረ፤ ምግብ ስበትን አይወጣም፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ገባ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አሉ አባቴ። ሦስት ቀን ሙሉ ከገንዳው ፊት ተቀምጠው አዩ። በአራተኛው ቀን ጠሩኝና ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አቀማመጡን አወቅሁት፤ ልጅ ሆኜ ከዛፍ ሥር ያየሁት አቀማመጥ ነው።

«ይህ ነገር በማየት አይበርድም» አሉ። «ሁለት የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ገበታ ካልበሉ እርቁ እርቅ አይሆንም። ካሣ ቢከፈል፣ ጉልበት ቢሳም፣ አብረው እስኪቆርሱ ድረስ ነገሩ ከሆድ አይወጣም። እኒህም አንድ ገበታ ይቅረብላቸው።»

«ሰውዬው ጠባብ ቦታ እንዳታገናኛቸው ብሎኛል፣ አባባ።»

«እሱ የዓሣ ነጋዴ ነው። አስታርቆ ያውቃል?»

እውነቱን ልናገር፤ እንደማይሆን ጠርጥሬ ነበር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን አባቴ ከመጣን ጀምሮ ፍርድ ሲሰጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ዓይናቸው በርቷል፤ ጀርባቸው ቀና ብሏል። ከዓሣው ጤናና ከዚያ ቀና ካለ ጀርባ ጀርባውን መረጥኩ። ዛሬም ቢሆን አልምልም፤ ደግሜ የምመርጠው እሱኑ ይመስለኛል።

በመሣሪያ ክፍሌ የታመመ ዓሣ የምናቆይባት አንዲት ትንሽ ገንዳ አለች። በውስጧ አንድ የሰላጣ ቅጠል ከጠጠር ጋር አሥሬ መካከል ላይ አኖርኩ። ገበታው ያ ነው። ሁለቱን በመረብ አምጥቼ ከተትኩ። መጀመሪያ ሁለቱም ግራና ቀኝ ተለጥፈው ቆሙ። ከዚያ ባለርስቱ ቀስ ብሎ ቀረበና ቅጠሉን ቀመሰ። አባቴ እጄን ጨበጡ። ሐምራዊው ረኀቡ ጸንቶበት ነው መሰል፣ እየሰጋ እየሰጋ በወዲያኛው ጫፍ ቀረበ። ከአንድ ቅጠል፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ፣ ሲቆርሱ አየን። አባቴ ቀኝ እጃቸው ምርኩዙን እንደያዘ ግራ እጃቸውን ዘርግተው የእርቁን ምርቃት ጀመሩ።

ምርቃቱ አላለቀም። ባለርስቱ ጎኑን ሰጥቶ በጭራው ምላጭ ጠረገው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። መረቡን እስክይዝ ውሃው ቀልቶ ነበር። ሐምራዊው እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አልቆየም።

አባቴ ከመስታወቱ አልራቁም። «እህል በመካከላቸው እያለ?» አሉ። ድጋሚ፣ ለራሳቸው፣ «እህል በመካከላቸው እያለ?» አሉ።

በማግሥቱ አልተነሡም። በሳልስቱም። አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ምግብ ሲሰጣቸው ጥቂት ይቀምሳሉ፤ ሲጠየቁ በአንድ ቃል ይመልሳሉ። ልጆቼ ስለ ዓሦቹ ጠይቀው ጠይቀው ተዉ።

«ዓሣ እኮ ነው፣ አባባ» አልኳቸው አንድ ቀን ከሥራ መልስ።

«ሰው ቢሆንስ ኖሮ? ፍርዴ ገደለ። ያስታረቅሁትን ሁሉ እያሰብኩ ነው፤ እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን ተደራርገው ይሆን?» ከዚያ፣ ሳይዞሩ፣ «ቀኑ ሲደርስ ቀድመህ ንገረኝ። ድንገት አታድርገው» አሉኝ።

«የምኑ ቀን?»

«ታውቀዋለህ።»

አወቅሁት፤ ቤት አቮት የማስገባቸው ቀን ነው። ደሜ ፈላ። «እኔ ምን በደልኩዎት?» ብዬ በሩን እንደ ልጅ አጋጭቼ ወጣሁ። ከደረጃው መካከል ስደርስ ነው የጠየቁኝን እንዳልመለስኩ የታወቀኝ። አይደረግም፣ አላልኩም። ምን በደልኩዎት አልኩ። እንዲህ የሚል ደግሞ ለመበደል የተዘጋጀ ሰው ነው።

ባለቤቴ ጩኸቱን ሰምታ ኖሮ ስመለስ ማድጋ እንደሰበረ ልጅ አየችኝ። «አልተውዎትም ማለት ስንት ቃል ነው?» አለችኝ።

«እንደማልተዋቸው አያውቁም?»

«ነግረሃቸው ታውቃለህ?»

ይህች ሴት መልስ የሌለው ጥያቄ መጠየቅ ትችልበታለች። ወደ አባቴ ክፍል ገብቼ አልጋቸው አጠገብ ትንሽ ቆምኩ። ብርድ ልብሳቸውን አስተካክዬ ወጣሁ። በዕድሜዬ ሁሉ ለአባቴ የልቤን ነግሬያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። እንዲህ ነው ያደግነው።

የኤቨን የሁዳው ሰውዬ ወገቡን በሰፊ ቀበቶ አሥሮ ተመለሰ። የሆነውን ነገርኩት፤ ልማዱንም ነገርኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ጥቂት አሰበና፣ «እኛም ቤት ሲታረቁ ምግብ ይቀርብ ነበር» አለ። «ሰው ምግብ ፊት ያፍራል። ዓሣ ግን አያፍርም። አባትህ የተሳሳቱት እዚያች ላይ ነው።»

ከዚያ ሊያደርግ ያሰበውን ነገረኝ። ባለርስቱ ለጥቂት ቀን ይወጣል። ድንጋዩ በሙሉ ይፈርስና በሌላ መልክ ይሠራል፤ የማንም የድሮ ቦታ አይቀርም። ሁለት አዳዲስ ዓሦች ይገባሉ፤ ሁሉም ቦታ በመፈለግ ይጠመዳል። በመጨረሻ ባለርስቱ ተመልሶ ሲገባ እንግዳው እሱ ይሆናል። ነገሩ ጥሩ ነው። ድንጋዩን የሚክብ ግን ጠፋ። እሱ በወገቡ ጎንበስ አይልም፤ እኔ ብሞክር ሁለት ጊዜ ተንዶብኝ፣ ሁለተኛው መስታወቱን ለጥቂት ሳተው።

ቤት ሄጄ ከአባቴ አልጋ አጠገብ ቆምኩ። «አባባ፣ ካብ የሚያውቅ ሰው አጣሁ።»

ወደ ግድግዳው እንደዞሩ፣ «ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው?» አሉ።

«ቀዳዳው የበዛ። ሲያነሡት ቀላል።»

«ቀላል ድንጋይ ለካብ አይታመንም። ከሥሩ ሰፊ ተረከዝ ይፈልጋል።» ተገለበጡና ተቀመጡ። «ጋቢዬን አምጣ።»

አዳራሹ ደርሰን፣ ከገንዳው ፊት ቆሜ እጄን እስከ ትከሻዬ ነክሬ እኔ አነሣለሁ፤ አባቴ ከወንበራቸው ሆነው በምርኩዛቸው ያመለክታሉ። ይህን ከታች፣ ያንን አግድም፣ አይደለም፣ አዙረው፣ አፉን ወደ ውስጥ። ያቺ ሰማያዊ ቀዳዳዋ ፈርሶባት እንኳ እየተከተለች ትነክሰኛለች። አንድ ሰፊ ድንጋይ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሜ ጥሩ ዋሻ ሠራሁ ስል አባቴ መስታወቱን በምርኩዛቸው መቱት።

«አፍርሰው። አንድ አፍ ያለው ዋሻ ወጥመድ ነው። የሚያሳድድህ ደጁ ላይ ከቆመ አለቀልህ። እኛ ጎጆ ስንሠራ በጓሮ በኩል መውጫ እንተዋለን፤ ጭቃ ሹሙ በፊት ሲገባ እኛ በኋላ እንወጣለን። ሁለት አፍ አውጣለት።»

ሰውዬው ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት። ግንባሩን መታና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቁ ለደንበኞቹ የሚነግረው ይህንኑ እንደሚሆን ነገረኝ። ተረጎምኩላቸው። አባቴ ጋቢያቸውን ከፍ አድርገው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

ድንጋዩ ከመፍረሱ በፊት በመረብ አውጥቼ በባልዲ ያቆየሁትን ባለርስት ወደ ትንሿ ገንዳ ልወስደው ሳነሣ አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ይህስ?»

«አሥር ቀን ለብቻው ይቆያል።»

«ከዚያስ?»

«ይመለሳል።»

«ማልልኝ።»

«ለዓሣ?»

«ማልልኝ አልኩህ።»

ሳቄ መጣ፤ ቀና ስል ግን ዓይናቸው ዓሣው ላይ አልነበረም። እኔን ነው የሚያዩት። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። «በኦሪት እምላለሁ፣ ይመለሳል» አልኩ። ያንን ሌላውን ቃል ያኔ ማለት ነበረብኝ። ሰውዬው ቆሟል፣ ነርሶቹ ያልፋሉ፣ ባልዲው ከእጄ ነው፤ ሰበብ ሞልቷል። አላልኩም።

አሥሩን ቀን አባቴ በየጠዋቱ ከትልቁ ገንዳ በፊት ወደ መሣሪያ ክፍሌ ገብተው ባለርስቱ መኖሩን ያያሉ። ቅጠሉን ራሳቸው ያስሩለት ጀመር። «የገደለ ቢሆንም ይብላ» ይላሉ። በትልቁ ገንዳ አዲሶቹ ቦታ ያዙ፤ ቢጫው ወደ ቀኝ ተዛወረ፤ ሰማያዊዋ ሌላ ቀዳዳ አግኝታ ከዚያ ሆና መንከሷን ቀጠለች።

በአሥረኛው ቀን መለስኩት። ባለርስቱ ቀጥ ብሎ ትልቁ ድንጋይ ወደነበረበት ሄደ። ድንጋዩ የለም። ዞረ፤ ድጋሚ ዞረ። ያንን ባዶ ቦታ ስንት ጊዜ እንደዞረው አልቆጠርኩም። አባቴ መስታወቱ ድረስ ቀረቡ። «ቤቱን እየፈለገ ነው» አሉ። ከአዲሶቹ አንዱ ክንፉን ነፍቶ ወጣበት፤ ባለርስቱ አልተመለሰለትም፤ ጥሎት አለፈ። ጥቂት ቆይቶ ባለርስቱ አባቴ ወዳስከቡኝ ዋሻ ገባና በሌላው አፍ ወጣ። ደግሞ ገባ፤ ደግሞ ወጣ። ከዚያ መብላት ጀመረ። ሰላም ሆነ አልልም፤ እዚያ ገንዳ ውስጥ መገፋፋት አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። የሞተ ግን አልነበረም።

«ቃልህን ጠበቅህ» አሉ አባቴ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። አዛውንቶቹ በወንበራቸው ተሰልፈው ያዩናል። እጄ ውሃ ያንጠባጥባል። «አባባ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «አንቱን እዚህ አላስቀምጥም። የትም አላስቀምጥም። እኔ እያለሁ ከቤቴ የሚያወጣዎት የለም።»

አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ ዓሣው ነው» አሉ።

ተቀምጠው ሻይ መጣላቸው። እኔ ባልዲዬን አንሥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ማታ አብረን ወጣን፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ስንደርስ አውቶቡሱ በመታጠፊያው ብቅ አለ። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ ሁለቱም እጃቸው ባዶ መሆኑን አየሁ።

«አባባ፣ ምርኩዝዎ!» አልኩ። «መስታወቱ ላይ ተደግፎ ቀርቷል። ይቆዩኝ፣ ሮጬ ላምጣው።»

ክንዴን ያዙና ወደ አውቶቡሱ በር መሩኝ።

«ተወው» አሉ። «ነገ እንመጣ የለ?»